በጊዜው ያልታጨደ ሣር

ታመነ ወደ መቀሌ የመጣው የሰው በቅሎ እየነዳ ነው። የመንዝ ሰው ነው፤ ወጣትነቱን ከደሴ መቀሌ ጭነት በማመላለስ ጨረሰው። ጣሊያን አገሩን ሲይዝ በቅሎዎቹ ተወሰዱ፣ ባለቤታቸውም የገባበት ጠፋ፣ ታመነም ከሚስቱ ከእማዋይሽ ጋር እዚያው መቀሌ ቀረ። ሥራ ፍለጋ ብዙ ከተንከራተተ በኋላ፣ ወደ ቁሓ በሚወስደው መንገድ ዳር የወተት ላም ለሚያረባ አንድ ጣሊያን በረት ጠራጊ ሆኖ ገባ።

ሰውየው ክፉም ደግም አልነበረም፤ የሚወደው ላሞቹን ብቻ ነው። ለእነሱ ሲል አልፋልፋ የሚባል የመኖ ሣር ያበቅል ነበር። ቅጠሉ አብሽ ይመስላል፤ አንዴ ተዘርቶ ውሃ ካገኘ ለዓመታት እየታጨደ መልሶ ይበቅላል። ታመነ የሣሩን ጠባይ የተማረው እዚያ ነው። ጣሊያኑ በተሰባበረ ትግርኛና አማርኛ ደጋግሞ የሚነግረው አንድ ነገር ነበር።

«ማሳው መካከል ቁምና አበባ ፈልግ። ፈላልገህ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ ካገኘህ እጨድ። ሳትፈልገው አበባው ራሱ ዓይንህ ውስጥ ከገባ ግን አልፎሃል። ቅጠሉ ይረግፋል፣ አገዳው እንጨት ይሆናል። ላም ደግሞ እንጨት አትበላም።»

ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ ሰውየውም ላሞቹን ሸጦ ሄደ። ሲሄድ ለታመነ አንድ ከረጢት ዘር ተወለት። ታመነ ከእንዳ ኢየሱስ ጉብታ ግርጌ፣ ምንጭ ከሚወርድበት አጠገብ፣ ወልደጊዮርጊስ ከሚባል የአገሩ ባለርስት ቁራሽ መሬት በእኩል ያዘና ዘሩን ዘራው። ሣሩ ያዘለት። ነገር ግን መሬቱ ስስ ነበርና ሁለት ጊዜ ታጭዶ መቀጨጭ ጀመረ። ፍግ ያስፈልገው ነበር።

ፍጉ የተገኘው ከሁሪያ ነው። ሁሪያ የወሎ ሰው ናት። ባሏ ጨው ነጋዴ ነበር፤ ወደ አፋር ሲወርድ በመንገድ ታሞ ከሞተ ወዲህ በወተትና በቅቤ ነው የምትተዳደረው። ሁለት ላሞች ነበሯት፤ አንዷ አርጅታ የነጠፈች፣ ሌላይቱ ዳሚት የምትባል ቀይ ላም። እበቱን ኩበት እየጠፈጠፈች ትሸጥ ነበር። ታመነ አንድ ቀን ከቤቷ ደጃፍ ቆሞ አማከራት።

«ኩበቱን ተዪውና ፍጉን ለማሳዬ ስጪኝ። እኔ ደግሞ በጋውን ሙሉ ለላሞችሽ ድርቆሽ እሰጥሻለሁ። ዳሚት ይኼን ሣር እየበላች ከወለደች የወተት ዕቃ ነው የሚጠብሽ።»

ሁሪያ ትንሽ አሰበች። ከዚያ፣ «አንቱ ካሉኝ ምን እላለሁ፣ አያ ታመነ» አለችው። ነገሩ በዚሁ አለቀ። ምስክር አልተቆጠረም፤ በቃል ተማመኑ። ዓመቱን ሙሉ ፍጉን በቅርጫት ተሸክማ እስከ ማሳው ታደርስለት ነበር። ክረምት ሲወጣ ሣር ሻጮች በየቤቱ እየዞሩ ሲጠይቁም፣ የኔ ሣር አለ ብላ መለሰቻቸው።

ሣሩ እንደዚያ ክረምት ሆኖ አያውቅም። ጥቅጥቅ ብሎ፣ ከጉልበት በላይ አልፎ፣ ንፋስ ሲመጣ እንደ ውሃ ይተኛና ይነሣ ነበር። የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ወልደጊዮርጊስ እንኳ፣ ብዙ የማይናገረው ሰው፣ ከድንበሩ ቆሞ «ጽቡቕ ኣሎ፣ ታመነ፣ በጣም አምሮአል» ብሎት ሄደ። ታመነ ይህችን ቃል ለብዙ ቀን በልቡ ይዟት ዋለ።

ታመነ ከመሃል አገር ከመጡ ሰዎች ጋር የማርያም ማኅበር ይጠጣ ነበር። ማኅበርተኞቹ የመንግሥት ጸሐፊዎች፣ አስተማሪዎች፣ ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች ናቸው። ታመነ ሁልጊዜ የሚቀመጠው በሩ አጠገብ ነው። እዚያ ተቀመጥ ያለው የለም፤ ወደ ላይ እለፍ ያለውም የለም። ጸሐፊው ከፋለ፣ አንደበቱ የሚጣፍጥና ሰው ሁሉ የሚሰማው ሰው፣ አንዳንዴ ስሙን እንኳ ይረሳውና «ያ በቅሎ ነጂው» ይል ነበር። ለክፋት አይደለም። የዚያ ዓመት የመስከረም ማርያም የታመነ ተራ ነበረ። ሰዎቹ ሁሉ ወደ ቤቱ ሊመጡ ነው፤ ቤቱ ደግሞ ከማሳው ጥግ ናት።

የዕንቁጣጣሽ ማግስት እማዋይሽ ከማሳው ተመልሳ መጣች።

«ታመነ፣ አበባ አየሁ» አለችው። «አንድ ሁለት ቦታ ብቅ ብሏል። ነገ ብንጀምረው ጥሩ ነው።»

«ገና ነው።»

«ምኑ ነው ገናው? ከሥሩ አዲስ ቡቃያ ጀምሯል። ጎንበስ ብለህ እየው።»

ታመነ ማየት አላስፈለገውም። ጠዋት ራሱ ጎንበስ ብሎ አይቶታል። ከየጉቶው ሥር ጣት የሚያህል አዲስ ቀንበጥ ወጥቷል፤ ሣሩ እጨዱኝ፣ ሌላ ላበቅል ነው የሚልበት ምልክት ነው።

«ዝናቡ መች ለቀቀና? ታጭዶ ቢበሰብስስ?» አላት።

ሰማዩ ግን ከሰሞኑ ጠርቶ ነበር። እማዋይሽ ቀና ብላ አየችው፤ ሰማዩን ከዚያም ባሏን።

«የማርያም ለት ሰዎቹ እንዲያዩልህ ነው» አለች።

«ብያለሁ እንዴ?»

«አላልክም።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሣችም። ታመነ በየማለዳው ማሳው ዳር እየቆመ በሆዱ ይሟገት ነበር። ትንሽ ቢቆይ ምን ይሆናል፣ ቁመት ይጨምራል፣ ክምሩ ይበዛል፣ ለሁሪያም የሚደርሳት ይበልጣል እያለ ራሱን ያሳምናል። ሐሰት መሆኑንም ያውቃል። ከግርጌው ያለው ቅጠል ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበር። አገዳውን በጣቱ ሲያጥፈው መጀመሪያ ይታጠፍ የነበረው አሁን ቀጭ ይላል። እጁን በኩታው ይጠርግና ወደ ቤት ይመለሳል።

የማርያም ለት ማሳው ከዳር እስከ ዳር በአበባ ወይን ጠጅ መስሎ ዋለ። ንቡ ይተማል። ማኅበርተኞቹ ጠላቸውን ጠጥተው ወደ ደጅ ሲወጡ ሁሉም ባሉበት ቆሙ። ከፋለ ጫማውን ሳይሰስት አበባው መካከል ገባና ዙሪያውን ተመለከተ።

«ጎበዝ፣ ይኼ እኮ የቤተ መንግሥት አትክልት ነው» አለ። «አቶ ታመነ፣ ይኼን ሁሉ ብቻህን ነው ያደረግኸው?»

አቶ ታመነ አለው። አንዱ አስተማሪ አበባ ቀጥፎ ለሚስቱ ያዘላት። ሁለት ነጋዴዎች ስንት ዘር እንደሚፈልግ ጠየቁት። ታመነ ሲመልስ ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ ለራሱም ተሰማው። ሲመሽ ከፋለ እጁን ጨብጦት ተሰናበተው። ያን ሌሊት ታመነ እንቅልፍ ይዞት የተኛው በደስታ ነው፤ ለብዙ ጊዜ የመጨረሻው ሆነ።

በማግስቱ ማጨድ ጀመረ። ማጭዱ ሣሩን እንደ መቁረጥ ሳይሆን እንደ መፋቅ አደረገው። ረዝሞ የነበረው አዲሱ ቀንበጥም ከአሮጌው ጋር አብሮ ታጨደ። ሣሩ ጸሐይ ላይ ሲሰጣ ያለችው ቅጠል ቀድማ ደረቀች፤ ባገላበጡት ቁጥር እንደ ገለባ ከመሬት ትበተናለች። በእጃቸው የሚቀረው አገዳው ነው፤ ሲሸከሙትም ይንኳኳል። እማዋይሽ አብራው ሠራች። ታመነ ክምሩን ሲሠራ ቅጠል የቀረለትን ወደ ውጭ፣ አገዳውን ወደ ውስጥ አደረገ። ለምን እንዲያ እንዳደረገ ራሱን አልጠየቀም።

ሁሪያ የመጀመሪያውን ሸክም በጥቅምት ወሰደች። መጥታ ክምሩን አይታ «ማሻአላህ» አለችና አመስግናው ሄደች። ኅዳር ላይ ዳሚት ወለደች። ወንድ ጥጃ ነው። የሰፈሩ ሰው ወተት ለማግኘት ቀድሞ አነጋግሯት ስለነበር በየማለዳው ከደጇ ይመጣ ጀመር። ወተቱ ግን አልመጣም። የመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ታለበች፤ ከዚያ ቀነሰ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከፋለ ወደ ማሳው መጥቶ ነበር። አለቃው ለፈረሶቹ ይኼን ሣር ማስዘራት ይፈልጋል፤ ታመነ እንዲያስተምራቸው ነው የመጣው። ታመነ ዘሩ እንዴት እንደሚበተን እያሳየው ሳለ ሁሪያ መጣች። በእጇ አንድ እፍኝ ደረቅ አገዳ ይዛለች።

«አያ ታመነ፣ ዳሚት ይኼን ይኼን ትተወዋለች» አለችው። «ላይ ላዩን ትለቅምና ይቺን ትገፋታለች። እንደው ሣሩ ምን ሆኖ ይሆን ብዬ ነው።»

ከፋለ አገዳውን አየ፤ ታመነንም አየ። ታመነ ፊቱ ሲሞቅ ተሰማው። እውነቱ ቀላል ነበር። አዘገየሁት፣ የኔ ጥፋት ነው ቢል ሁሪያ የምትቆጣ ሰው አይደለችም። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሣሩማ ምን ይሆናል? ክምሩን አይተሽዋል። ይልቅ ላሚቱ ታማ ይሆናል። እንዲህ ያለው በበቅሎም ላይ ይመጣል፤ ሆድ ዕቃዋን ሲያማት መኖ ትመርጣለች።»

«ታማ?» አለች ሁሪያ። እጇ ላይ ያለውን አገዳ ወደ መሬት ለቀቀችው። «ያ ረቢ። እኔ ደግሞ ሣሩን አማሁ፤ አይቀየሙኝ።»

«ምን ቅያሜ አለው» አላት ታመነ።

ከፋለ ወደ ዘሩ ጨዋታ ተመለሰ። ታመነ ግን ከዚያ በኋላ ምን እንዳስረዳው አላወቀውም። ሁሪያ በአጥሩ ጥግ አልፋ እስክትሰወር ድረስ ጀርባዋን ነበር የሚያየው።

ሁሪያ የአገሯን ሰው ጀላሉን ጠራች። ጀላሉ በቀን ሥራ ድንጋይ የሚሸከም ጎልማሳ ነው፤ ከብት በጋለ ብረት ተኩሶ በማዳን ግን የታወቀ ነበርና የታመመ ከብት ያለው ሁሉ እሱን ነው የሚፈልገው። ላሚቱን የሚይዝ ጉልበተኛ ስላስፈለገ ሁሪያ ለታመነ ላከችበት። እንስሳ የሚያውቅ ሰው ነው ብላ። ታመነ ሄደ። አልሄድም የሚልበት ምክንያት አጣ።

ጀላሉ ዳሚትን ዞሮ አያት። ዓይኗን ገልጦ፣ ምላሷን ስቦ፣ ጆሮዋን ዳብሶ፣ ሆዷን በመዳፉ ተጭኖ አዳመጠ። ብረቱ እሳቱ ውስጥ ቀልቷል።

«እኔስ በሽታ አላየሁባትም» አለ ቀስ ብሎ። «ዓይኗ ጥሩ ነው። ከስታለች እንጂ... አያ ታመነ፣ አንቱ ምን ይላሉ? ታማለች ያሉት አንቱ ነዎት።»

ሁሪያ ጥጃውን በጉያዋ ይዛ ቆማለች። ሁለቱም ታመነን ይጠብቃሉ። ገመዱ በእጁ ነው፤ የላሚቱ ትንፋሽ ክንዱ ላይ ይሞቃል።

«ተኩሳት» አለ ታመነ።

ጀላሉ ተኮሳት። ዳሚት ስትንፈራገጥ ታመነ ቀንዷን ከደረቱ አጣብቆ ያዛት። ጠጉሩ ሲቃጠል ሽታው አፍንጫው ውስጥ ገባ። ላሚቱ እንደ ሰው አቃሰተች። ሲያልቅ ሁሪያ ቅቤ ቀባቻትና አንገቷን እያሻሸች አባበለቻት፤ ከዚያ ወደ ታመነ ዞረች።

«አላህ ይስጥልኝ፤ ደከሙልኝ» አለችው። «አብሽሩ፣ ይሻላታል።»

እጅዎን ላስታጥብዎ ብላ ብትለምነውም እምቢ ብሎ ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ጋቢውን አውልቆ ደጅ ላይ አሰጣው። ሽታው አልለቀቀም። እማዋይሽ ምሳ አቀረበች፤ አልበላም።

«ላሚቱ ምን ሆና ነው?» አለችው።

ሞሰቡን ወደ ጎን ገፋ።

«እኔ አውቃለሁ ምን እንደሆነች። አንተም ታውቃለህ።»

«አንቺ ንገሪያት» አላት ታመነ ወደ መሬት እያየ። «ሴት ለሴት ይሻላል።»

«አልነግርልህም። እኔ ብነግራት አንተ ምን ትሆናለህ? እንዲያው በሰው ትከሻ ላይ ተቀምጠህ የምትሻገር ትሆናለህ።» ከዚያ ምሳውን አነሣችለት።

ታመነ ወደ ገበያ የሚሄድበትን መንገድ ለወጠ። በሁሪያ ደጅ የሚያልፈውን ትቶ በጉብታው ዞሮ ይሄድ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም ቅጥሩ ውስጥ ሳይገባ ከውጭ፣ ከለማኞቹ ኋላ፣ ግንብ ተደግፎ ያስቀድሳል። ለንስሐ አባቱ ሊነግር ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። የታኅሣሥ ማኅበር ሲደርስ ከፋለ «አቶ ታመነ፣ ወደዚህ እለፍ» ብሎ ከአጠገቡ ቦታ ለቀቀለት። ሲመኘው የኖረው ይህን ነበር። ሄዶ ተቀመጠ፤ ጽዋውን ግን ሳይጠጣ አስቀመጠው። እዚያ የተቀመጠው በዳሚት ቁስል ዋጋ እንደሆነ ከእሱ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም።

ቁስሉ አመርቅዞ ነበር። የሰፈሩ ሰው «ጀላሉ እሳቱን አበዛባት» ይል ጀመር፤ ወሬው ዞሮ እሱን የሚጠራው እየቀነሰ ሄደ። ሁሪያ ደግሞ ጥጃው እንዲተርፍ ብላ ማለቡን ጨርሳ ተወች። ወተት ይወስዱ የነበሩት ወደ ሌላ ሄዱ። ይህን ሁሉ ታመነ የሰማው ከእማዋይሽ ነው፤ እሷ ደግሞ ሳትጨምርና ሳትቀንስ ትነግረዋለች።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ከቁሓ መንገድ ሲመለስ ከሁሪያ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ወገቧ እስኪጎብጥ እንጨት ተሸክማለች። መንገዱ ግራና ቀኝ በካብ የታጠረ ነውና መሸሻ አልነበረም።

«አያ ታመነ፣ ምነው ጠፉብኝ?» አለች፤ ለማረፍም ሸክሟን ካቡ ላይ አስደገፈች።

«ሥራ በዛብኝ።»

«አይ፣ ይብዛልዎ። እኔም ወተቱ ሲቀር ይቺን ይዣለሁ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ጉልበት አላጣሁም። ዳሚት ገና ናት። ያን ቀን አንቱ ባይዙልኝ ምን ይውጠኝ ነበር። ስሰግድ ዱዓ አደርግልዎታለሁ፤ ማሳዎን ይባርክልዎ ብዬ።»

ታመነ እጁን ወደ ሸክሙ ዘረጋ። ልያዝልሽ ሳይላት ግን እጁን መለሰ። ሁሪያ እንጨቷን አስተካክላ፣ ደኅና ይዋሉ ብላው አለፈች። እሱ እዚያው ካቡ ላይ ተቀምጦ ጸሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆየ። ሰድባው ቢሆን ይሻለው ነበር።

ማሳው ያን ጊዜ በክፉ ሁኔታ ላይ ነበር። አዲሱ ቀንበጥ ከአሮጌው ጋር ስለታጨደና ብርዱም ስለገባ ሣሩ ቶሎ አልተነሣም። ታመነ ምንጩን እየጠለፈ ያጠጣው ነበር፤ የሰው ጤፍ ሲወቃ፣ ሰው ሁሉ ሲያርፍ፣ እሱ ቦይ ሲያጸዳ ይውላል። ጥር ላይ ሣሩ ለማጭድ ደረሰ። ቁመቱ እንደ ክረምቱ አይደለም። ታመነ በየማለዳው መካከሉ ገብቶ ጎንበስ እያለ አበባ ይፈልግ ነበር፤ እምቡጥ አገኘ፣ ቆየና አንዲት ወይን ጠጅ ነጥብ አገኘ። ለማንም ሳይናገር በዚያው ዕለት አጨደው።

ጸሐይዋ ሳትበረታ፣ ጤዛው ገና ሳይለቀው አገላበጠው፤ ቅጠሉም ከአገዳው ጋር ሆኖ ደረቀ። ድርቆሹ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ሲያሸቱት የሻይ ቅጠል ሽታ አለው። የቻለውን ያህል አስሮ በጀርባው ተሸክሞ በድሮው መንገድ ወደ ሁሪያ ቤት ሄደ።

ሁሪያ ደጅ ላይ ጥጥ ትፈትል ነበር። ታመነ ሸክሙን ዳሚት ፊት አውርዶ ፈታው። ላሚቱ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችና መብላት ጀመረች። አልመረጠችም፤ ቅጠሉንም አገዳውንም አብራ ታኝከው ነበር። ሁሪያ እንዝርቱን አስቀምጣ መጣች። ትንሽ ቆማ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንድ ዘለላ ከመሬት አነሣች፤ በጣቶቿ አሸችው፤ ለስላሳ ነው። ወደ በረቱ ጥግ ሄዳ ላሚቱ የተወችውን አሮጌ አገዳ አንስታ መጣችና በሌላ እጇ ያዘችው። ሁለቱንም ስታይ ቆየች።

«ይኼ ያው ሣር ነው?» አለች።

«ያው ነው።»

«ከዚያው ማሳ?»

«ከዚያው።»

«ታዲያ ያኛው ምን ሆኖ ነው?»

ታመነ ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ አስቀመጠው። «አበባው እስኪሞላ አቆየሁት» አላት። «መታጨጃው ዕንቁጣጣሽ ነበር። አውቅ ነበር፤ እማዋይሽም ነግራኝ ነበር። ማኅበርተኞቼ መጥተው እንዲያዩት ብዬ ነው ያቆየሁት። ያን ቀን ስትጠይቂኝ ደግሞ ጸሐፊው ፊት አፍሬ ዋሸሁሽ። ዳሚት አልታመመችም ነበር።»

ሁሪያ አሮጌውን አገዳ ወደ መሬት ጣለችው። ለስላሳውን ዘለላ ለላሚቱ አቀረበችላት።

«እኔ ስለ ሣሩ ምንም አልልዎትም» አለች በመጨረሻ። «ሰው ይሳሳታል፤ ሣርም ያልፍበታል። ግን ጀላሉ ጠየቀዎ። እኔ ሰምቻለሁ። ምን ይላሉ ብሎ ጠየቀዎ። ገመዱን ይዘው ቆመው ነበር።»

«አዎ።»

«ተኩሳት አሉ።»

«አዎ» አለ ታመነ። ይቅርታ ለመጠየቅ ጉልበቱን ሊያጥፍ ሲል በእጇ ከለከለችው።

«አይ፣ ይኼን አያድርጉብኝ። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ እኔንም አያሳፍሩኝ።» ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። ፊቷን አዙራ በሻሿ ጠረገችና መለስ ብላ፣ «ሰኞ ገበያ ጀላሉ እንጨት ተራ ይቆማል። ሰዎች ባሉበት ይንገሩት። ላሜን አበላሸ ያሉት እነዚያው ናቸው፤ እነሱ ይስሙ» አለች።

«እነግረዋለሁ።»

«ከዛሬ ወዲያ ደግሞ ሣሩ የሚታጨድበትን ቀን የምናገረው እኔ ነኝ። ፍጉን አመጣለሁ። ቀኑን ግን ለእርስዎ አልተውም።»

ታመነ እሺ አለ። ሁሪያ ኮፍያውን ከመሬት አንስታ አቧራውን ሳታራግፍ ሰጠችው።

ሰኞ ገበያ ሰው ሞልቶ ነበር። ጀላሉ ከሌሎች የቀን ሠራተኞች ጋር ገመዱን በትከሻው ጥሎ እንጨት ተራ ቆሟል። ከእነሱም ራቅ ብሎ ከፋለ ከአንድ ነጋዴ ጋር በቅቤ ይከራከር ነበር። ታመነ ከፋለን ሲያይ ቆመ። ሌላ ሰኞ ልምጣ የሚል ሐሳብ መጣበት። ሐሳቡን ግን አወቀው፤ መስከረም ላይ ገና ነው ያሰኘው ያው ነበር። ሄደና ጀላሉ ፊት ቆመ።

«ጀላሉ፣ የሁሪያን ላም ያበላሸኋት እኔ ነኝ» አለው፤ ሰው እንዲሰማም ድምፁን ከፍ አደረገ። «በሽታ አልነበረባትም። ያበላኋት ሣር ነው የከፋው። አንተ አላየሁባትም ብለህ ነበር፤ ተኩሳት ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ።»

ሠራተኞቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ከፋለም ዞር ብሎ ነበር። ጀላሉ ሁለቱን እጆቹን አየ፤ ከዚያ ታመነን።

«እኔ እኮ ሌሊት ሌሊት አስባት ነበር» አለ። «እጄ ከበደ እንዴ እያልኩ። ጠይቄዎት ነበር፣ አያ ታመነ።»

«ጠይቀኸኝ ነበር።»

ጀላሉ ይቅር አላለውም፤ አልሰደበውምም። ገመዱን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛውሮ ወደ ሌላ ዞረ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው ዝም አሰኘው። ታመነ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከፋለ በሩቁ እጁን አነሣለት፤ በየካቲት ማኅበር ግን አጠገቡ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር። ታመነም የት ልቀመጥ ብሎ አልተጨነቀም፤ ባገኘው ቦታ ተቀመጠ። ከዚያ ሰኞ ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ ይወስደው ጀመር። ሰው ፊት ሲቆም ግን አንገቱ መቅላቱን አልተወም፤ በተለይ የከብት ነገር ሲነሣ።

የዳሚት ቁስል በጊዜው ደረቀ። ጠጉር ግን አላበቀለበትም። የካቲት ሲያልቅ ሁሪያ መልሳ ማለብ ጀመረች፤ ትንሽ ነው፣ ግን ለጥቂት ሰው ትሸጣለች። ጀላሉንም አንድ ገበሬ ለበሬው ሲጠራው ታመነ ሰምቷል።

መጋቢት ላይ ሣሩ እንደገና ደረሰ። ሁሪያ ቅርጫቷን ከድንበሩ አስቀምጣ ማሳው ውስጥ ገባች። ታመነ ከዳር ቆሞ ጠበቃት። ወዲያ ወዲህ ብላ፣ ጎንበስ ብላ ሥሩን ገልጣ፣ ቀና ብላ ዙሪያውን ቃኝታ፣ አንዲት አገዳ ቆርጣ በጥርሷ ነክሳ አየች። ወልደጊዮርጊስ ከማዶ ሆኖ ይመለከት ነበር፤ የሴት ሥራ ነው እንዴ ብሎ ሊጠይቅ ፈልጎ ዝም ያለ ይመስላል።

«አበባ አገኘሽ?» አላት ታመነ።

«አንድ አገኘሁ» አለች። «ነገ ጠዋት ይጀምሩ።»

ታመነ ለእሱ አንድ ቀን ቢቆይ የሚሻል ይመስለው ነበር። አልተናገረም። ወደ ቤት ገብቶ ለእማዋይሽ ነገ መሆኑን ነገራት።